ሁለት ጊዜ ቡድኗ የተሸጠባት ከተማ

ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከልጄ ጋር በሰፈራችን ስንዘዋወር፣ ከቤታችን ትንሽ አለፍ ብለው የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት ያርድ ሴል (ያገለገለ የቤት ዕቃ በግቢ መሸጫ) አውጥተው አገኘናቸው። ዳሉዝ ከተማ ሄደን የግላዲያተርስን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ካየን ወዲህ ልጄ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ካልተገዛልኝ እያለ ስላስቸገረኝ፣ ምናልባት ይገኝ ይሆናል ብለን ቆምን። ጫማ አልነበረም። ከድሮ መጻሕፍትና ከቡና ማፍያ ማሽን አጠገብ ግን ሁለት የሆኪ ማልያዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ደረቱ ላይ የሚነድ «ኤ» ፊደል ያለበት የፍሌምስ፣ ሌላው ሰማያዊው የትራሸርስ። ሁለቱም የአትላንታ ቡድኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ዛሬ ካናዳ ውስጥ በሌላ ከተማ ስም ይጫወታሉ።

«ሦስተኛ ቡድን ሊመጣ ነው እየተባለ እንዴት ይሸጧቸዋል?» አልኳቸው፤ ጨዋታ ለመጀመር ያህል እንጂ ብዙም አስቤበት አልነበረም። ሰውየው ግን ቀና ብለው አዩኝና «እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ቀብድ አልከፍልም» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «የኋለኞቹ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ትኬቱን ለእኔ፣ ቡድኑን ደግሞ ለሌላ ሰው ሲሸጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሆኪ አትወድም ተባለ» ብለው ወደ ሌላ ገዢ ዞሩ።

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም። አትላንታ የሆኪ ከተማ አይደለችም የሚለው አባባል እዚህ አካባቢ እንደ አየር ሁኔታ የሚነገር ነገር ነው፤ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው የለም። እኔ ግን በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አነስተኛ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው ያገሬ ልጆች ናቸው። አንድ ምግብ ቤት ተዘጋ ሲባል መጀመሪያ የማየው የአካባቢው ሰው መብላት ይወድ እንደሆነ ሳይሆን የኪራይ ውሉንና የሽርክና ውሉን ነው። ታዲያ አንድ የሆኪ ቡድን ሲፈርስ ይህ ጥያቄ ለምን ይዘለላል? የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ አዲስ ከተማ ሲመርጥስ በእርግጥ የሚያየው ምንድን ነው?

ሣሩና ገደሉ

ከሩቅ ሆኖ ካርታ ለሚያይ ሰው አትላንታ የምታጓጓ ናት። ከነአካባቢዋ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ የኮካ ኮላ፣ የዴልታ አየር መንገድና የሆም ዲፖ ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉት እዚሁ ነው፤ በሥራ ምክንያት ከሰሜኑ ከተሞች የመጣው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆኪ እያየ ያደገው ነዋሪም ቀላል ቁጥር የለውም። ከሂዩስተን ጋር ሆና ቡድን ከሌላቸው የአሜሪካ ከተሞች ግንባር ቀደሟ ናት። ሊጉም ይህን እያየ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለት ጊዜም ሄዷል። አበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። ልዩነቱ በዚህ ታሪክ ገደሉን የሚወድቀው ሌላ፣ ሣሩን የሚበላው ሌላ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው አመጣጥ ራሱ ስለ ምርጫው ብዙ ይናገራል። በ1972 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኤንኤችኤል ተቀናቃኝ ሊግ ተነሥቶበት ነበር፤ ያ ሊግ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የተሠራውን አዲስ አሬና ለመያዝ ሲያሰፈስፍ፣ ኤንኤችኤል ለመቅደም ሲል ቡድን ሰጠ። ቡድኖቹ ጎዶሎ ቁጥር እንዳይሆኑ ደግሞ ጥንድ አስፈለገ። አትላንታ ኦምኒ የሚባል አዲስ አዳራሽ ነበራት፤ ቶም ከዝንስ የሚባል የሕንጻ ባለሀብትም ነበራት፤ ስለዚህ ጥንድ ሆነች። የሕዝቡ የሆኪ ፍቅር በዚያ ስሌት ውስጥ የነበረው ቦታ ጠባብ ነው።

ከዚያ በፊት የሆነው ደግሞ ይብሳል። በ1967 ሊጉ ከስድስት ቡድን ወደ ዐሥራ ሁለት ሲያድግ የሴንት ሉዊስ ከተማ አመልካች ሳይኖራት ቡድን ተመደበላት። ምክንያቱ የሴንት ሉዊስ አሮጌ አሬና ባለቤቶች አርተር ዊርትስና የኖሪስ ቤተሰብ መሆናቸው ነበር፤ እነዚሁ ሰዎች የቺካጎ ቡድን ባለቤቶችም ነበሩ፤ አሬናውን ደግሞ መሸጥ ይፈልጉ ነበር። ሆኪ የሚወደድባት ቫንኩቨር በዚያው ዓመት አመልክታ ተከለከለች፤ ተራዋ የደረሰው በ1970 ነው። አንዳንዶች እንዲያውም ሞንትሪያልና ቶሮንቶ የቴሌቪዥን ገቢያቸውን ለሦስት መካፈል ስላልፈለጉ ነው ይላሉ። አየሩን፣ ባህሉን፣ የሕጻናቱን ጨዋታ መዝኖ የሚወስን አንድ ጉባኤ አለ ብለን የምናስብ ሰዎች ይህን ታሪክ ብናነብ አይከፋም።

ፍሌምስ በአትላንታ ስምንት የውድድር ዘመን ቆየ፤ በስድስቱ ለጥሎ ማለፍ በቃ፤ አንዱንም ዙር ግን አላሸነፈም። ኦምኒ ለኩባንያዎች በውድ የሚከራዩ ልዩ ክፍሎች እምብዛም ስላልነበሩት ገቢው ቀጠነ፤ የባለሀብቱ የሕንጻ ንግድም ተዳከመ። በ1980 ቡድኑ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ ወደ ካልጋሪ ሄደና በዘጠነኛው ዓመት የሊጉን ትልቁን ዋንጫ፣ የስታንሊን ዋንጫ፣ እዚያ አነሣ።

ስድስት ዓመት

ጎረቤቴ ወደ ጠቀሷቸው «የኋለኞቹ» ልምጣ። ትራሸርስ በ1999 መጫወት ሲጀምር ባለቤቱ ታይም ዋርነር ነበር። በ2004 ግን አትላንታ ስፒሪት የተባለ የሸሪኮች ስብስብ የሆክስን የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ትራሸርስንና አሬናውን የማስተዳደር መብት በአንድነት ገዛ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሸሪኮቹ በአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዝውውር ተጣሉ፤ ከቦስተን የመጣውን ሸሪካቸውን ድርሻ ለመግዛት የተጻፈው ውልም ዓመታት ላስቆጠረ ሙግት በር ከፈተ። ልብ በሉ፤ ጠቡ የተነሣው በሆኪ አይደለም።

አንድ ምሽት የጎረቤቴን ንግግር እውነትነት ለማረጋገጥ የወቅቱን የጋዜጣ ዘገባዎች ሳገላብጥ የደረስኩበት ነገር ሐሳቤን ሁሉ አዞረው። በ2011 መጀመሪያ ላይ ሸሪኮቹ ያንን ውል አበላሽቶብናል ያሉትን የሕግ ቢሮ ከሰሱ። የክሱ ጭብጥ ምን ነበር? ከ2005 ጀምሮ ትራሸርስን ለመሸጥ እንፈልግ ነበር፤ በሙግቱ ምክንያት መሸጥ ስላልቻልን ከባድ ኪሳራ ደረሰብን የሚል ነው። ካሳ ለማግኘት ሲሉ በራሳቸው አንደበት የተናገሩት ነው እንጂ ጠላት የለጠፈባቸው አይደለም። እኔ በሥራዬ ብዙ የተጣሉ ሸሪኮች አይቻለሁ፤ ለመሸጥ የሚፈልጉትን ንግድ ግን ጥቂቶች ናቸው ቀለም የሚቀቡት። ለመሸጥ የተዘጋጀ ቤት ጣሪያው አይጠገንም።

እንግዲህ የትራሸርስን ታሪክ በዚህ ሰነድ ብርሃን እንደገና ማንበብ ይገባል። ቡድኑ በዐሥራ አንድ የውድድር ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2007፣ ለጥሎ ማለፍ ደረሰ፤ እሱም በኒው ዮርክ ሬንጀርስ አራት ለባዶ ተጠርጎ ወጣ። በ2010 ዋና አጥቂው ኢልያ ኮቫልቹክ ለኒው ጀርሲ ተሰጠ። በመጨረሻው ዓመት የተመልካቹ አማካይ ቁጥር ከ14,000 በታች ወረደ፤ አሬናው የሚይዘው ከ18,000 በላይ ነበር። «ሰው አይመጣም» የተባለው ይህ ነው። ለመሸጥ የተሰለፈ፣ ጥሎ ማለፍ የማያውቅ፣ ኮከቡን ያጣ ቡድን ለማየት በሥራ ቀን ማታ በአትላንታ መንገድ ላይ ሰዓት ተኩል ተጨናንቀው ለመጡት ለእነዚያ 13,000 ሰዎች ግን ሐውልት ሊቆምላቸው የሚገባ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው፣ ሌላ ክርክርም አለ፤ ራሴም ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። እውነተኛ የሆኪ ከተማ ቡድኑ ቢደክምም ትመጣለች ይባላል። ታዲያ ቺካጎን እንዴት እናድርጋት? ከሊጉ ጥንታዊ ቡድኖች አንዱ ያላት ቺካጎ በ2006–07 የውድድር ዘመን በአማካይ 13,000 እንኳ ያልሞላ ተመልካች ነበራት። የቡድኑ ባለቤት ቢል ዊርትስ፣ የአርተር ልጅ፣ በሜዳው የሚደረጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ አይፈቅዱም ነበር። በ2007 ሲያርፉ ልጃቸው ሮኪ ተተክተው ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን አስተላለፉ፤ በ2010 ቡድኑ ዋንጫ በላ፤ አዳራሹም ጢም ብሎ ሞላ። በእነዚያ የጨለሙ ዓመታት ቺካጎ የሆኪ ከተማ አይደለችም ያለ ሰው አልሰማሁም። ባለቤቱ መጥፎ ነው ተባለ እንጂ። ያው በሽታ አትላንታ ላይ ሲታይ ጥፋቱ የሕዝቡ ሆነ።

ሊጉ ቢፈልግ ሌላ መንገድ እንደነበረውም ይታወቃል። በ2009 የአሪዞና ቡድን ከስሮ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ ጂም ባልሲሊ የተባሉ ካናዳዊ ባለሀብት ገዝተው ወደ ሃሚልተን ሊወስዱት አሰቡ። ሊጉ ግን ማን ባለቤት እንደሚሆንና ቡድን የት እንደሚጫወት የምወስነው እኔ ነኝ ብሎ ተሟገተ፤ ቡድኑን ራሱ ገዝቶም እስከ 2013 ያዘው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እኒሁ ሰው የናሽቪልን ቡድን ሊወስዱ ሲሉ የከተማዋ ነጋዴዎች ተሰባስበው ገዙት፤ ያ ቡድን በ2017 ለፍጻሜ ደርሷል። ናሽቪል ከአትላንታ የምታንስ የደቡብ ከተማ ናት፤ በረዶም አይወርድላትም ማለት ይቻላል። አትላንታ ያጣችው ገንዘቡን ቆጥሮ ቡድኑን የሚያስቀር ያገር ሰው ነው። ደጋፊው ተሰልፎ ጮኸ፤ ግን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም»። በግንቦት 2011 መጨረሻ ትራሸርስ በ170 ሚሊዮን ዶላር ለዊኒፔግ ተሸጠ፤ ከዚህ ውስጥ 60 ሚሊዮኑ ሊጉ ራሱ የተቀበለው የመዛወሪያ ክፍያ ነበር።

እዚህ ላይ ሂሳቡን አንድ ጊዜ ደምሩት። በ1972 ለመግባት 6 ሚሊዮን፣ በ1999 ለመግባት 80 ሚሊዮን፣ በ2011 ለመውጣት 60 ሚሊዮን። ሊጉ በአትላንታ ከሰረ የሚል ሰው ቢገጥመኝ ይህን አሳየዋለሁ።

የመግቢያው ዋጋ የሚገዛው

የመግቢያ ክፍያ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ይነገራል፤ እኔ ግን የመላው ነገር ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በ1967 እያንዳንዱ አዲስ ቡድን የከፈለው 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ላስ ቬጋስ በ2016 500 ሚሊዮን፣ ሲያትል በ2018 650 ሚሊዮን ከፈሉ። ይህ ገንዘብ ከተጫዋቾች ጋር በሚደረገው የገቢ ክፍፍል ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ለነባር ባለቤቶች የሚከፋፈል ነው። ከሲያትል ክፍያ ቬጋስ ድርሻ ስላልነበራት ለቀሩት ሠላሳ ቡድኖች ለእያንዳንዳቸው ወደ 21.7 ሚሊዮን ዶላር ደረሳቸው። አዲስ ከተማ ይምጣ አይምጣ ብለው ድምፅ የሚሰጡት እነዚሁ ባለቤቶች መሆናቸውን አንርሳ።

ነገር ግን ዋጋው ሲንር አንድ ያልታሰበ መልካም ነገር አመጣ። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የከፈለ ሰው የተጣለ ተጫዋች አይቀበልም። ዋሽንግተን በ1974 ሲጀምር ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ነበር፤ ትራሸርስም በመጀመሪያ ዓመቱ ከ82 ጨዋታ 14 አሸነፈ፤ ምክንያቱም ነባር ቡድኖች ደህና ደህናውን ደብቀው የማይፈልጉትን ሰጧቸው። ለቬጋስ ግን ደንቡ ተሻሻለ፤ እያንዳንዱ ነባር ቡድን ሰባት አጥቂ፣ ሦስት ተከላካይና አንድ ግብ ጠባቂ፣ ወይም ስምንት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ ብቻ ለራሱ እንዲያስቀር፣ ቬጋስ ከቀሩት እንድትመርጥ ተወሰነ። ቬጋስ ማርክ-አንድሬ ፍሉሪን የመሰለ ግብ ጠባቂ አገኘች፤ በመጀመሪያ ዓመቷ 51 ጨዋታ አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በ2023 ዋንጫውን አነሣች። ዛሬ «በረሃ ላይ ሆኪ ተወደደ» ተብሎ ይተረካል። እዚያ ታክሲ የሚነዳ አብሮ አደጌ ከ2017 በፊት ስለ ሆኪ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ዛሬ የጨዋታ ማታ ከአሬናው ደጅ ሳይንቀሳቀስ የሚያገኘውን ገቢ በደስታ ይነግረኛል። ከተማዋ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጥቂት ቀናት በፊት በደረሰባት የጅምላ ግድያ ያዘነችበት ጊዜ ስለነበር ሕዝቡ ቡድኑን እንደ ቤተሰቡ መያዙንም እሱ ነው ያስረዳኝ። ቢሆንም ቬጋስ የአትላንታን የ1999 ቡድን ይዛ ብትጀምር ኖሮ የምንሰማው ትረካ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር ልበል። ሆኪ ከሌሎቹ ትላልቅ ሊጎች ይልቅ በመግቢያ ትኬት ገቢ ላይ የተደገፈ ስለሆነ፣ ሊጉ ከተማን የሚፈትነው የዓመት ትኬት ቀብድ በማስከፈል ነው። በሲያትል በመጋቢት 2018 ምዝገባው ሲከፈት 10,000 ቀብድ የተሰበሰበው በ12 ደቂቃ ነበር። አስደናቂ ቁጥር ነው፤ ግን የሚለካው የመጀመሪያውን ቀን ጉጉት ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ቡድኑ ሲሸነፍና ባለቤቱ ሲሰላች ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ፍቅር ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ኩቤክ ከተማ ዛሬ ቡድን ይኖራት ነበር። ቡድኗ በ1995 ወደ ኮሎራዶ ከሄደባት በኋላ (በሄደ በዓመቱ ዋንጫ መብላቱ ቁስሉን አብሶታል) ከተማዋ ሕዝብ በከፈለው ገንዘብ 18,000 ሰው የሚይዝ አሬና ሠርታ በ2015 ከፈተች። በ2016 ቬጋስ ስትመረጥ የኩቤክ ማመልከቻ እንዲቆይ ተደረገ፤ የካናዳ ዶላር መውረድና በምሥራቁ በኩል ቀድሞውኑ ብዙ ቡድን መኖሩ በምክንያትነት ተጠቀሱ። ለኩቤክ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለው ብሂል ተረት አይደለችም፤ የሚያልፍባት ሕንጻ ናት።

በአውራ ጎዳና 400 ወደ ሰሜን

ወደ እኛ ሰፈር ስመለስ፣ ሦስተኛውን ቡድን ለማምጣት የሚሞክሩት ወገኖች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በአልፋሬታ የገበያ ማዕከል ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው በደቡብ ፎርሳይት ካውንቲ በሰፊ ባዶ መሬት ላይ አሬና ከነሱቁ፣ ከነሆቴሉና ከነመኖሪያው ለመሥራት ያቅዳሉ። ሁለቱም ከመሀል ከተማው በስተ ሰሜን በአውራ ጎዳና 400 ዳር ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቀድሞው የዓመት ትኬት ገዢ አብዛኛው የሚኖረው በዚያ በኩል ነበር። የቤዝቦሉ ብሬቭስም በ2017 መሀል ከተማውን ለቆ ወደ ካብ ካውንቲ ሲወጣ ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ በስታዲየሙ ዙሪያ ያለው ሱቅና ኪራይ ከጨዋታው እኩል ገቢ እንዲሆን ታስቦ።

በንግድ ስሌት ካየሁት ይህ ከኦምኒ የተሻለ ውል ነው፤ አሬናውንና ቡድኑን አንድ ባለቤት ከያዛቸው ያ የሸሪኮች ጣጣ የሚደገምበት ዕድል ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ፎርሳይት በ1912 ጥቁር ነዋሪዎቿን፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው፣ በኃይል ያባረረች ካውንቲ ናት፤ ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል ነጭ ብቻ ሆና ቆይታለች፤ በ1987 የመብት ታጋዮች ሰልፍ ሲወጡባትም በድንጋይ ተወግረዋል። ዛሬ ብዙ ተለውጣለች፤ የሕንድ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባት፣ በጆርጂያ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አንዷ ናት። እኔም በቅርብ እሄዳለሁ፤ ደንበኛም አለኝ። ይሁን እንጂ የከተማው ባቡር ማርታ እዚያ አይደርስም፤ በደቡቡ ክፍል ወይም በክላርክስተን የሚኖር መኪና የሌለው ቤተሰብ ለአንድ ማታ ጨዋታ የሚሄድበት መንገድ የለም። ሊጉ «የአትላንታ ገበያ» ሲል 6 ሚሊዮን ይቆጥራል፤ አሬናው የሚቆምበትን ቦታ ሲመርጥ ግን የሚቆጥረው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ነው። ነገ ወንበሩ ባዶ ቢሆን ደግሞ ጥፋቱ የሚለጠፈው በ6 ሚሊዮኑ ላይ ነው።

ስለዚህ የምዝገባው ቀን ሲመጣ እኔ በደቂቃ ውስጥ ስንት ቀብድ ተሰበሰበ የሚለውን አልጠብቅም። ፎርሳይት ካውንቲ በቦንድ ብድር ድርሻውን ያዋጣል ስለተባለ፣ ውሉ የሕዝብ ሰነድ ይሆናል፤ ማንም ጠይቆ ሊያነበው ይችላል። በውስጡ የምፈልጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቶቹ ስንት ናቸው፣ ቢጣሉ ማን ይወስናል፣ ቡድኑ ከአካባቢው እንዳይወጣ የሚያስረው አንቀጽ ለስንት ዓመት ነው፣ ተጥሶ ቢገኝስ ቅጣቱ ሊጉ ከሚቀበለው የመዛወሪያ ክፍያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «ያንሳል» ከሆነ፣ የፎርሳይት ግብር ከፋይ ስለ ጨዋታው ፍቅር ከመጠየቁ በፊት ኮሚሽነሮቹን ስለዚህ ቢጠይቅ ይሻለዋል።